የጋራ ሰርቨርና የአጥቢያ ድረ ገጽ ጥበቃ

ከንፋስ መውጫ፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥተው በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናን የተወለዱበትን አጥቢያ ለመርዳት ሲነሡ አስቀድመው የሚጠይቁት የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ነው። ሰበካ ጉባኤው ይህን ቁጥር፣ የሕንፃ ሥራውን ሪፖርትና የአባላት መመዝገቢያ ቅጹን በድረ ገጽ ቢያወጣ ሥራው ይቀልለታል። ነገር ግን ሌላ ሰው በስውር ገብቶ ቁጥሩን በራሱ ቁጥር ቢተካው፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው መባ በሌባ እጅ ይገባል፤ ከገንዘቡም ይልቅ የምእመናን አመኔታ ይጎዳል። ስለዚህ ድረ ገጹ የት እንደተቀመጠና በማን ሥልጣን እንደሚሠራ ማወቅ የኮሚቴው ኃላፊነት ነው።

የጋራ ሰርቨር ምንድን ነው?

ኪራዩ አነስተኛ እንዲሆን ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር ይጋራሉ። ይህም መነኮሳት በአንድ ግቢ፣ በየበኣታቸው እንደሚኖሩ ያለ ነው። ግቢው አንድ በር ቢኖረውም፣ እያንዳንዱ በኣት የራሱ መዝጊያ ያስፈልገዋል።

አደጋው ከወዴት ይመጣል?

ቅጽ የሚቀበል ድረ ገጽ ስክሪፕት አለው፤ ይኸውም ሰርቨሩ የሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ብዙው የሚጻፈው ፒኤችፒ በተባለው ቋንቋ ነው። በቀድሞው የተለመደ አሠራር፣ አፓቼ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም የሁሉንም ደንበኞች የፒኤችፒ ስክሪፕት በአንድ የወል የተጠቃሚ ስም ያስኬድ ነበር። በዚያ ስም የኛ ፋይል የሚነበብ ከሆነ፣ የጎረቤት ስክሪፕትም ሊያነበው ይችላል። የመረጃ ቋት የይለፍ ቃል በፋይል ውስጥ ስለሚጻፍ፣ የአንዱ ቸልተኝነት ለሌላው ይተርፋል። ፒኤችፒ ይህን ለመከላከል «ሴፍ ሞድ» የተባለ ገደብ ነበረው፤ አስተማማኝ አጥር ስላልሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.4 ዕትም ተወገደ።

መፍትሔው

ዋናው መፍትሔ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስክሪፕት በደንበኛው በራሱ ስም ማስኬድ ነው። የአፓቼ «ሱኤግዜክ» ስክሪፕቱን ከማስኬዱ በፊት ባለቤቱን ይመረምራል፤ ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው ሊለውጠው የሚችል ከሆነም አያስኬደውም። «ፒኤችፒ ኤፍፒኤም» ደግሞ ለየደንበኛው በየስሙ የተለየ የሥራ ክፍል ለመክፈት ያስችላል።

ይሁን እንጂ ይህ መለያየት ከጎረቤት ይጠብቀናል እንጂ ከራሳችን ስንፍና አያድነንም። የኛ ስክሪፕት ቀዳዳ ካለው፣ በዚያ የገባ ሌባ በኛው ስምና ሥልጣን የኛን ገጽ ይለውጣል። ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተሉትን ይፈጽም፦

1. ውል ከመፈረሙ በፊት አከራዩን «የየደንበኛው ስክሪፕት በየራሱ የተጠቃሚ ስም ይሠራልን?» ብሎ ይጠይቅ።
2. ለማንኛውም ፋይል 777 የተባለው ፈቃድ አይሰጥ፤ ማንም እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ ይፈቅዳልና። ስክሪፕቱ በባለቤቱ ስም የሚሠራ ከሆነ የይለፍ ቃል የያዘው ፋይል 600 ይሁን፤ ይህም ለባለቤቱ ብቻ የሚከፈት ነው።
3. ከውጭ የተላኩ ፎቶግራፎች በሚቀመጡበት ማኅደር ውስጥ ስክሪፕት እንዳይሠራ ይከልከል።
4. ፕሮግራሞቹ በየጊዜው ይታደሱ፤ የማያገለግሉት ይወገዱ። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ከቦታው ሲለቅ የይለፍ ቃሉ በዚያው ቀን ይለወጥ።
5. መጠባበቂያ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ። የባንክ ቁጥሩንም ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ ከባንክ ደብተሩ ጋር ያመሳክሩ።

የክርስትና መዝገብና የተረጂዎች ስም ዝርዝር ደግሞ በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ዕቃ ቤቱን ያለ ቁልፍ የማይተው ገበዝ፣ የምእመናንንም ስም እንደ ንዋየ ቅድሳት ሊጠብቅ ይገባዋል።

ለውይይት

የአጥቢያችን የይለፍ ቃል በስንት ሰዎች እጅ ነው? ገጹ ዛሬ ቢለወጥ በስንት ቀን እናውቃለን? ለምእመናንስ በምን መንገድ እናስታውቃለን?