ሯጭ ስለሆንኩ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 24 ዓመቴ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እንጦጦ ላይ ልምምድ እሠራለሁ። ክብደት ከቀነስኩ ወዲህ ሰዓቴ ተሻሽሏል፤ የወር አበባዬ ግን ከቀረ አምስት ወር ሆነው። ጓደኞቼ «ሯጭ ላይ ያለ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሯጮች ላይ መታየቱ ጤናማ አያደርገውም። አስቀድመሽ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ ሐኪም ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖችም ይለካሉ።

እነዚህ ደህና ከሆኑ የምጠረጥረው የምግብ ማነስን ነው። የሰውነት ስብ ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ አንጎል ስንቅ መኖሩን የሚያውቀው በዚህ ነው። ስቡ ሲሳሳ፣ የምትበዪውም ከምታቃጥዪው ሲያንስ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎልም ለእንቁላል ማምረቻው የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን ይጎድላል። ክብደቷ ያልቀነሰ ሴትም ላይ ይደርሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ አጥንትሽ ነው። ኤስትሮጅን ሲጎድል አጥንት ይሳሳል፤ በሃያዎቹ ያልተገነባውን በኋላ መመለስ ከባድ ነው። የወሊድ መከላከያ ክኒን ደም ቢያመጣም ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

መድኃኒቱ መብላት ነው (አሰልጣኞች ይህን ባይወዱትም)። ከልምምድ በኋላ ሳትዘገዪ ብዪ። በጾም ወቅት ሽሮና ምስሩ ላይ ተልባ፣ ለውዝና ዘይት ጨምሪ፤ እስከ ከሰዓት የምትጾሚ ከሆነ የልምምዱን ሰዓትና ጫና አስተካክዪ። ዑደቱ እስኪመለስ ወራት ሊወስድ ይችላል። እግርሽ ላይ በአንድ ጣት የምታመለክቺው የአጥንት ሕመም ካለ ግን ዛሬውኑ ሩጫ አቁመሽ ተመርመሪ።