መጀመሪያ ሽቦው ይሙቅ

የሬዲዮ ወይም የሶላር መብራት ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ሰው ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልለዋል። ለጊዜው ይሠራል። እያደር ግን መዳቡ ይጠቁራል፣ ጥምዝዙ ይላላል፣ መብራቱም ሲነካኩት የሚበራ ሲተዉት የሚጠፋ ይሆናል። በሊድ በደንብ የተበየደ ሽቦ ለዓመታት ያገለግላል፤ ሥራውም ከቤት ጠረጴዛ አያልፍም። የሚያስቸግረው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ሊዱ በቅድሚያ። ጥቅል ሆኖ የሚሸጠው ቀጭን ሊድ የቲንና የእርሳስ ቅይጥ ነው። ቲን ለብቻው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርሳስ ለብቻው በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። 63 እጅ ቲን ከ37 እጅ እርሳስ ጋር ሲቀየጥ ግን ከሁለቱም ባነሰ ሙቀት፣ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ዲግሪ ላይ ይጠጥራል። 60 በ40 የሆነው ሙሉ በሙሉ እስኪጠጥር ድረስ ለጥቂት ዲግሪ ግማሽ ፈሳሽ ግማሽ ጠጣር ሆኖ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ሽቦው ትንሽ ከተነቃነቀ ብየዳው ውስጡ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ 63 በ37 የሚለውን ግዙ የምለው። ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ቢሆን ለሽቦም ለኤሌክትሮኒክስ ቦርድም ይበቃል።

የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ እርሳስን ስለገደበ፣ ዛሬ ብዙ ቦርዶች የሚበየዱት ጥቂት ብርና መዳብ በገባበት ቲን ነው። እሱ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፋብሪካው ብየዳ አልለቅ ሲላችሁ ካውያውን (የመበየጃውን ብረት) አትጫኑት፤ ከራሳችሁ ሊድ ትንሽ ጨምሩበት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የመቅለጫው ሙቀት ይወርድና በቀላሉ ይነሣል። እኔ ማንኛውንም አሮጌ ብየዳ ስነቅል የምጀምረው በዚህ ነው።

ጥሩ ሊድ በሆዱ ውስጥ ከጥድ ሙጫ የተሠራ ፍላክስ ይይዛል። ፍላክሱ ሲሞቅ መዳቡ ላይ ያለውን ስስ ዝገት ያነሣል፤ ያለ እሱ ሊድ መዳብን አይይዝም። ላሜራ ለሚበይዱ ሰዎች የሚሸጠውን አሲድ ግን ወደ ቦርድ አታስጠጉት። በዕለቱ አሳምሮ ያስይዛል፤ ውሎ አድሮ ግን የቀረው አሲድ መዳቡን አረንጓዴ እያደረገ ይበላዋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ባትሪውን ከቦርዱ ንቀሉ። ሽቦውን ላጡ፣ የጠቆረ መዳብ ካለ ቀይ ሆኖ እስኪያበራ ፋቁት፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ ከመጠምዘዛችሁ በፊት አንዱ ሽቦ ላይ አሳልፉ፣ ከዚያ ጠምዝዙ። ካውያው ሲግል ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጋችሁ ወዲያው ሊድ አስነኩት፤ ብርማ ሆኖ መሸፈን አለበት። ጫፉን በሞረድ አትሞርዱት። ከመዳቡ በላይ በስሱ የተለበጠው ብረት አንዴ ከተላጠ ሊድ መዳቡን እያሟሟ ጫፉን ይቦረቡረዋል።

አሁን የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ደረስን። ጀማሪ ሁሉ ሊዱን ካውያው ጫፍ ላይ አቅልጦ፣ ጠብታውን ተሸክሞ ሽቦው ላይ ሊያስቀምጥ ይሞክራል። እጅ በራሱ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ነገር ግን ጠብታው ሽቦው ጋ ሲደርስ ፍላክሱ ጢስ ሆኖ አልቋል፤ ሽቦው ደግሞ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ሊዱ ቅባት የነካው ሳህን ላይ እንዳለ ውኃ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ከላይ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ በመለኪያም ቢፈተሽ ያልፋል። ከሥር ግን ሊዱንና መዳቡን አጣብቆ የያዛቸው የተቃጠለ ሙጫ ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ መብራቱ ሲጠፋ ሰው ባትሪውን ይጠረጥራል፣ አምፖሉን ይለውጣል፤ ያን ክብ ጠብታ የሚጠረጥረው የለም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የካውያውን ሹል ሳይሆን ጎኑን በተጠማዘዘው ሽቦ ሥር አስደግፉ። ሁለት ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ከዚያ ሊዱን ካውያው ላይ ሳይሆን ከካውያው ተቃራኒ፣ በሽቦው በላይኛው በኩል አስነኩ። ካልቀለጠ ሽቦው አልሞቀም ማለት ነው፤ ታገሡ፣ ሊዱን ወደ ካውያው አታንሸራትቱ። ሽቦው ሲሞቅ ሊዱን ራሱ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውም ወደ ሙቀቱ እየተሳበ በክሮቹ መካከል ይሰርጋል። ዓይናችሁን ከዚያ አትንቀሉ፤ ቀዩ መዳብ በአንዴ ወደ ብርማ ሲለወጥ ታያላችሁ። በቂ ሊድ የገባበት ብየዳ የክሮቹን ቅርጽ ከሥሩ ያሳያል። ክሮቹ ከተሸፈኑና ከተድቦለቦለ ሊዱ በዝቷል።

መጀመሪያ ሊዱን አንሡ፣ ቀጥሎ ካውያውን። ከዚያ እጃችሁ እንደ ድንጋይ ይርጋ። እባካችሁ እፍ አትበሉበት! እፍ ሲሉ ሽቦው ይርገበገባል፤ የሚጠጥረውም እየተነቃነቀ ነው። በዚህ መንገድ የጠጠረ የእርሳስ ሊድ መልኩ ይደበዝዛል፣ ፊቱም ይሻክራል፤ እንደገና አሙቁት። እርሳስ የሌለው ሊድ በተፈጥሮው ደብዘዝ ስለሚል እሱን በመልኩ ሳይሆን በቅርጹ ፍረዱ፤ ጠርዙ ወደ መዳቡ እየሳሳ ካለቀ ይዟል።

ለምን እንዲህ ይሆናል ለሚል፦ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ በካውያ አይቀልጥም። የቀለጠው ቲን ግን ከመዳቡ ፊት ጥቂት ያሟሟና ከሁለቱ የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን በመሃላቸው ይፈጠራል። ብየዳውን የሚይዘው እሱ ነው። ሙቀቱ ሲረዝም ሽፋኑ ይወፍራል፣ ሲወፍር ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። ብዙ ማሞቅ አያጠነክርም። ቦርድ ላይ ደግሞ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆያችሁ ስሱ የመዳብ ንጣፍ ከቦርዱ ሊላጥ ይችላል። አልይዝ ካለ አንሡ፣ ይቀዝቅዝ፣ ፍላክስ ጨምሩና ድገሙ።

ሊድ የማይሆንባቸውም ሥራዎች አሉ። አሉሚኒየም በዚህ ፍላክስ አይያዝም። የሊቲየም ባትሪን አካል በካውያ አትንኩ፣ ሊፈነዳ ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድና የምድጃ ሽቦ ጫፍ በብሎን ይታሰር እንጂ በሊድ አይበየድ፤ ሲግል ሊዱ ይቀልጣል። የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ ወይም የመጠጥ ውኃ ቧንቧ እርሳስ ባለው ሊድ በፍጹም አትድፈኑ። አሜሪካ ይህን ለመጠጥ ውኃ ቧንቧ በ1986 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች።

በካውያ ሙቀት እርሳሱ አይተንም ማለት ይቻላል፤ የሚጨሰው ሙጫው ነው። እሱም ቢሆን ሳንባ ይቆጣል፣ መስኮት ክፈቱ። እርሳሱ ወደ ሆድ የሚገባው በእጅ በኩል ነው። እንጀራ የምንቆርሰው በእጃችን ስለሆነ፣ ከሥራ በኋላ ሳትታጠቡ ወደ ማዕድ አትቅረቡ፤ ፍርፋሪውን ጠርጋችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አድርጉት።

ብየዳው ሲቀዘቅዝ ሽቦውን ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ፣ ቱቦውን ስባችሁ አልብሱት፣ ባትሪውን መልሱ። ካውያውን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ጫፉን በሊድ ደህና አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ሳትጠርጉት ይቀዝቅዝ። ባዶውን የቀዘቀዘ ጫፍ ይጠቁራል፣ የጠቆረ ጫፍም ሙቀት አያስተላልፍም።