አንድ መስመር ለብዙ ተጫዋች

ከአንበሳሜ እስከ ወረታና የፎገራ ሜዳ ባለው አካባቢ ከጉማራና ከርብ ወንዞች ውኃ እየሳበ መስኖ የሚያለማ ገበሬ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቦዩ አንድ፣ ማሳው ብዙ ሲሆን ጠብ የሚያስነሣው የውኃው ማነስ ብቻ ሳይሆን የተራው መዛባት ጭምር ነው። በአንድ ቤት አራት ወጣቶች በአንድ የኢንተርኔት መስመር ጨዋታ ሲጫወቱ የሚገጥማቸው ችግርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ጽሑፍ አንድ መስመር ለብዙ ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚዳረስና ጨዋታው ለምን እንደሚንቀራፈፍ እንመለከታለን።

አንድ አድራሻ፣ ብዙ ኮምፒውተር

በኢንተርኔት የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ አይፒ የተባለ አድራሻ ያስፈልገዋል። አራተኛው የአይፒ ሥሪት አድራሻን በ32 ቢት ስለሚጽፍ ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ናቸው፤ ማዕከላዊው ዓለም አቀፍ ክምችትም እ.ኤ.አ. በ2011 ተሟጥጧል። ስለዚህ ራውተሩ በቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች፣ ለምሳሌ በ192.168 የሚጀምሩ የግል አድራሻዎችን ያድላል። አንዱ ኮምፒውተር መልእክት ሲልክ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካና ማን እንደላከው ፖርት በሚባል ቁጥር በሰንጠረዥ ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ ሰንጠረዡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል።

ከውጭ ያለ ተጫዋች ቀድሞ መልእክት ቢልክ ግን በሰንጠረዡ ላይ ምዝገባ ስለማያገኝ መልእክቱ ይጣላል። ስለሆነም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር በቤት ውስጥ ከሆነ በራውተሩ ላይ አስቀድሞ ፖርት ሊመደብለት ይገባል።

ስፋትና መዘግየት

ብዙዎች ጨዋታ ሰፊ መስመር የሚፈልግ ይመስላቸዋል። እስቲ እናስላ። አንድ ተጫዋች በሴኮንድ 30 መልእክት ቢልክ፣ እያንዳንዱም 100 ባይት ቢሆን፣ ድምሩ በሴኮንድ 24 ኪሎቢት ነው። ለአራት ተጫዋቾች 96 ኪሎቢት ይሆናል፤ ይህም የ1 ሜጋቢት መስመርን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ወሳኙ መዘግየት ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከወረታ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ገመዱ በጎረቤት አገሮችና በባሕር ሥር ዞሮ ስለሚሄድ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ይህን ማንም በቤቱ ሆኖ ሊቀንሰው አይችልም።

ሁለተኛው መዘግየት ግን በቤት የሚፈጠር ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር መልእክቶቹ በራውተሩ ማኅደር ይሰለፋሉ። በ1 ሜጋቢት መስመር ላይ 250 ኪሎባይት ቢጠራቀም ወረፋው እስኪያልቅ 2 ሴኮንድ ይወስዳል። የተጫዋቹ ትንሽ መልእክት ከኋላ ተሰልፎ ሲጠብቅ በጨዋታው ውስጥ ተመትቶ ይወድቃል።

ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ መፍትሔ አቀረቡ። በእነርሱ ዘዴ የሚለካው የወረፋው ርዝመት ሳይሆን መልእክቱ የቆየበት ጊዜ ነው። ቆይታው ከበዛ አንዳንድ መልእክት ይጣላል፤ ላኪውም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በኋላም ለእያንዳንዱ ግንኙነት የየራሱ ወረፋ ተሰጥቶ በተራ እንዲስተናገድ ተደርጓል። ይህ የውኃ አባት በመስኖ ላይ ተራ እንደሚያስጠብቅ ያለ ሥራ ነው።

ምን እናድርግ?

ራውተሩ ይህን ዘዴ የሚያውቅ ከሆነ እናብራው፤ የፍጥነት ወሰኑንም ከመስመሩ እውነተኛ ፍጥነት ጥቂት ዝቅ እናድርገው። ያን ጊዜ ወረፋው እኛ በምናዝዘው ራውተር ላይ ይሆናል። በተቻለ መጠን ኮምፒውተሮቹን በገመድ እናገናኝ።

ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ቤት ካሉና ጨዋታው ከፈቀደ ደግሞ ኢንተርኔት ጨርሶ አያስፈልግም። አንድ ስዊችና እስከ 100 ሜትር ሊረዝሙ የሚችሉ ገመዶች ይበቃሉ፤ መዘግየቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሴኮንድ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው መስመር ሁልጊዜ አይገኝም። ለጨዋታ የተዘረጋው ይኸው የቤት ውስጥ መረብ ግን መጻሕፍትንና የትምህርት ቪዲዮዎችን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለማካፈል ያገለግላል። መረብ መዘርጋትን በጨዋታ የተማረ ተማሪ ለጥናትም መሣሪያ አበጅቷል ማለት ነው።