ስለ ሕፃናት ሊጥ

ልጆች ሆይ፥ እረኛ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ በሬና ላም ሲሠራ አይታችኋል። ጭቃ በማይገኝበት ቤት ግን ይህንኑ ጨዋታ በዱቄት መሥራት ይቻላል። አሠራሩም እንዲህ ነው። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄትና 1 ኩባያ የደቀቀ ጨው በገበቴ ይቀላቀላል፤ 1 ኩባያ ውሃም ጥቂት በጥቂት እየተጨመረበት ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ ይታሻል። እንዲለሰልስ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበታል። ቢጫ እንዲሆን እርድ፥ ቀይ እንዲሆን የቀይ ሥር ውሃ ይበቃዋል። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ ይለጠጣል፤ የጤፍ ሊጥ ግን እንዲህ ያለ መለጠጥ የለውምና ለዚህ ሥራ አይመችም። ጨውም ሻጋታ ቶሎ እንዳይዘው ይጠብቀዋል። ነገር ግን ጨው የበዛበት ሊጥ ሰውንም ውሻንም ስለሚጎዳ ከቶ አይበላም።

አንድ ቀን ይህን ከሕፃናት ጋር ስሠራ የአንዲት ተማሪ አያት ልጅቱን ሊወስዱ መጡ። ገበቴውን አይተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «የኔታ፥ በ1977 ዓ.ም. በተራብን ጊዜ ይህን የሚያህል ዱቄት አንድ ቤተ ሰብ ያሳድር ነበር። እህል ዛሬ መጫወቻ ሆነ ወይ?» አሉኝ። እኔም አፈርሁ፤ የምመልሰውንም ቃል አጣሁ።

ልጅቱ ግን የሠራቻትን ትንሽ ላም ይዛ ቀረበችና፥ «እማማ፥ ያን ጊዜ የሞተችብዎ ላም ይህችን ትመስል ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷም ላሚቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩአት። «ቀንዷ እንዲህ ቀጥ ያለ አልነበረም» አሉና በጣታቸው ወደ ውስጥ ቆለመሙት። ከዚያም ተቀምጠው የዚያን ዘመን ነገር ለሕፃናቱ ነገሩአቸው፤ ሕፃናቱም እጃቸውን ከሊጡ ሳያነሡ በጸጥታ ሰሙ።

ሲሄዱም መከሩኝ። ከዚያ ወዲህ ለምግብ የሚሆን ዱቄት አንወስድም፤ ከወፍጮ ቤት ወለል የሚጠረገውን የስንዴ ዱቄት ለምነን፥ በወንፊት ነፍተን እንሠራበታለን። ሊጡንም ክዳን ባለው ዕቃ ዘግተን ብዙ ቀን እንጠቀምበታለን፤ ከጨዋታም በኋላ ሁሉም እጁን ይታጠባል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ልብ አድርጉ። መጫወት ነውር አይደለም፤ የያዙትን ነገር ዋጋ ሳያውቁ መጫወት ግን ነውር ነው። ሽማግሌ ሲገሥጻችሁም ቶሎ አትከፉ፤ ከተግሣጹ በስተኋላ ያለውን ታሪክ በትሕትና ጠይቁ።