ያሠራው ወይስ የሠራው? የትእዛዝ ሥራ ባለቤት ማን ነው

አንድ የሳሙና አምራች የማሸጊያ ሥዕልና የሬዲዮ ማስታወቂያ ዜማ በትእዛዝ አሠራ እንበል። ሒሳቡ ተከፍሏል፤ ደረሰኝ እንጂ የተጻፈ ውል የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሠዓሊው ያንኑ ሥዕል ለተፎካካሪ ሸጠ። አምራቹም በበኩሉ ዜማውን ቆራርጦ ለሌላ ምርት አዋለው። ሁለቱም «መብቴ ነው» ይላሉ።

ጉዳዩ የሚዳኘው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ነው። አዋጁ ሁለት መብቶችን ይለያል። ኢኮኖሚያዊ መብት ሥራውን የማባዛት፣ የማሰራጨትና የመሸጥ መብት ነው። የሞራል መብት ደግሞ የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅና ሥራው ክብሩን በሚነካ ሁኔታ እንዳይዛባ የመቃወም መብት ነው።

በመርህ ደረጃ የኢኮኖሚያዊ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አመንጪው ነው። ይሁንና በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም አሠሪው ነው። ስለዚህ በሥዕሉ ክርክር ሕጉ ለአምራቹ ያደላል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፤ ሠዓሊው «ሥዕሉ ቀድሞም በእጄ ነበር፣ በትእዛዝ አልሠራሁትም» ቢል ደረሰኝ ብቻውን ብዙ አያስረዳም።

በዜማው ግን አምራቹ ልቡን ሞልቶ መናገር አይችልም። ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ቢሆንም የሞራል መብቱ ከአመንጪው ጋር ይቀራል። ቆራርጦ መጠቀሙ የደራሲውን ክብር የሚነካ ከሆነ ያስከስሳል።

የአሜሪካ ሕግ በተቃራኒው ነው። በዋሽንግተን የሚገኝ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቤት አልባ ቤተሰብን የሚያሳይ ሐውልት ሬይድ የተባለ ቀራጺን አሠርቶ ነበር። በባለቤትነቱ ሲካሰሱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ቀራጺው ራሱን የቻለ ባለሙያ እንጂ ተቀጣሪ አይደለም፣ ማኅበሩም በአሠሪነቱ ብቻ ባለመብት አይሆንም ሲል ወሰነ። እዚያ ለሚኖር ባለሙያ የንግድ አርማ የሚያዝ ነጋዴ መብቱ የተላለፈበት፣ ባለሙያው የፈረመበት ጽሑፍ ሊይዝ ይገባል።

የውል ወጪ ከክስ ወጪ ያንሳል። ውሉ ሥራውን ለይቶ ይግለጽ፤ መብቱ የማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ምርትና ለስንት ጊዜ እንደሚውል፣ ማሻሻያ እንደሚፈቀድና ዋናው ቅጂ በማን እጅ እንደሚቆይ ይዘርዝር። ባለሙያውም መብቱን ለራሱ ማስቀረት ከፈለገ ይህንኑ ቀብድ ሳይቀበል ያስጽፍ፤ ዝም ካለ ሕጉ ለአሠሪው ይሰጠዋል።