መድኃኒት ለጀመረችው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ከሆስፒታል ይዘሽው የመጣሽውን ፌኖባርቢታል አየሁት። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን በነርስነት ሳክም ዕድሜዬ አልፏልና፣ ሐኪሙ ከነገረሽ ላይ ይህን ጨምሪበት።

1. በድንገት አታቋርጪ። ከሁሉ በፊት የምለምንሽ ይህን ነው። መድኃኒቱ በደምሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ሙሉ ጉልበት ለማግኘት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። አንጎል ከለመደው በኋላ በአንድ ጊዜ ሲነፈገው ግን ከቀድሞው የከፋ ይጥላል፤ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይከተላል፣ ይህም ይገድላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ስለተሻለው ነው፣ ወይም ጠበል ስለገባ። ጠበሉን ተጠመቂ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ክኒኑንም ዋጪ። የታዘዘልሽ ማታ ስለሆነ ከጾምሽ ጋር አይጋጭም።

2. ሳያልቅ ሂጂ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም፤ ከመርጡለ ማርያም ወደ ሞጣ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ እደርሳለሁ ብለሽ የመጨረሻዋን ፍሬ አትጠብቂ። በየወሩ ማርያም ዕለት ቁጠሪው፤ የሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ተነሺ። የመንገዱን ነገር ለሐኪሙ ንገሪውና የተቻለውን ያህል አብዝቶ እንዲያዝልሽ ጠይቂ። ሌላም አለ፦ ፍሬው ባለ 30 ሚሊግራምም ባለ 100 ሚሊግራምም ይመጣል። አዲስ በተቀበልሽ ቁጥር ቁጥሩን አንብቢ፤ ሁለቱን በፍሬ ብዛት ብቻ የቆጠረ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ማታ ብትረሺ በማግሥቱ እጥፍ አትዋጪ።

3. አረቄም ጠላም ይቅር፣ ሰርግም ቢሆን ማኅበር። ከክኒኑ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

4. እናትሽ ከሐዘኗ በኋላ የጀመረችውን ቫሊየም አትንኪ፣ አንቺም ያንቺን አትስጫት። ሁለቱም አንጎልን ያደነዝዛሉ። ቫሊየም ለጭንቀት የሚታዘዘው ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰውነት ይለምደዋል። እሷ ግን ወራት ወስዳዋለችና ዛሬውኑ ጣይው አትበያት፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላት። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ጎረቤት የሚያውሳትን ክኒን አትቀበል።

5. ይህን ማንም አልጠየቀሽ ይሆናል። ፌኖባርቢታል ጉበት ሆርሞንን ቶሎ እንዲያጠፋ ያደርጋል፤ ስለዚህ በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያም በክንድ የሚቀበረውም ሊከሽፍ ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌና መዳብ ያለበት ሉፕ ይሻላሉ። ልጅ ስትፈልጊ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ፎሊክ አሲድም ይዘዝልሽ። ማርገዝሽን ባወቅሽ ቀን ደንግጠሽ መድኃኒቱን እንዳታቆሚ፤ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ቫልፕሮዌት ወደሚባለው መድኃኒት ልንቀይርልሽ ካሉሽ ደግሞ የመውለድ ሐሳብ እንዳለሽ ንገሪያቸው፣ ጽንስ ይጎዳልና።

6. ለቤተሰቡ አስተምሪ። ሲጥልሽ ክብሪት ጭረው በአፍንጫሽ አያጭሱብሽ፣ ማንኪያ በአፍሽ አይክተቱ፣ ውኃ አያጠጡሽ። ከእሳት ያርቁሽ፣ በጎንሽ ያስተኙሽ፣ ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቂ ከደገመሽ ወደ ሆስፒታል ያድርሱሽ። ለሃጭሽ በሽታ አያስተላልፍም፤ አትንኳት የሚል ሁሉ ይህን ይስማ፣ ሰው ፈርቶ ሲሸሽ ሴት ልጅ ምድጃ ውስጥ ስትነድድ ያያል። ከበሽታው ይልቅ እሳቱ ያጎደላቸውን ብዙ አክሜያለሁ። እንጀራ ብቻሽን አትጋግሪ፣ ወንዝም ብቻሽን አትውረጂ።

7. መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ ይቀላል። ሽፍታ ከወጣብሽ፣ አፍሽ ከቆሰለ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ። ክኒኑን ሕፃናት ከማይደርሱበት ስቀይው። የጣለሽን ቀንና ሰዓት በደብተር ጻፊ፤ ቀጠሮሽ ሲደርስ ደብተሩንና የቀረሽን ክኒን ከነመያዣው ይዘሽ ቅረቢ፣ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ከዚያ ተነስቶ ነው።