ምዕራፍ ስድስት፦ ቆሞ የኖረ ሞተር ሳይክልን ወደ መንገድ መመለስ

ለዓመታት ቆሞ የኖረ ሞተር ሳይክልን ገዝቶ ማደስ ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ አንደኛው ዝገትና ድርቀት የተጫነውን ሞተር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመሪው የራቀውን አሽከርካሪ ወደ መንገድ መመለስ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ርቀት የራሱ ምክንያት አለው። የከተማዋ አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች ለዝርፊያ መሣሪያ እየሆኑ መምጣታቸውን ገልጾ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንቅስቃሴያቸውን ሲያግድ፣ መንገዱ ክፍት የሆነው በልዩ ሁኔታ ለተፈቀደላቸው ብቻ ስለነበር፣ በኮልፌ ቀራኒዮም ሆነ በሌሎች ክፍለ ከተሞች ሞተሩን ለማቆም የተገደደ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ሲመለስ ሊከተለው የሚገባው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ ሰነድ ከክፍያ፣ ፍሬን ከሞተር፣ ሞተር ከቀለም ይቀድማል።

ሰነዱን ማጣራት

የግዢው መነሻ ሊብሬ፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩ ነው። በመሪው አንገት ላይ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥርና በሞተሩ አካል ላይ የሚገኘው የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ከሰፈሩት ጋር አንድም ሳይዛነፍ መመሳሰል አለባቸው፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተበየደበት ሞተር ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሊገዛ አይገባም። ሰሌዳው በከተማዋ ውስጥ ለምን አገልግሎት እንደሚፈቀድ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መጠየቅ፣ ውሉን በውልና ማስረጃ ማጽደቅ፣ በሕግ የተደነገገውን የሦስተኛ ወገን መድን መግባት፣ መንጃ ፈቃዱም ለሞተር ሳይክል ምድብ የተሰጠና ዘመኑ ያላለፈ መሆኑን ማረጋገጥ የገዢው ግዴታዎች ናቸው።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ምርመራ

በኢትዮጵያ ከሚታወቁት አሮጌ ሞተሮች መካከል የያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ሁለት ምት የሚባለው ሞተር አላቸው፤ ይህም ፒስተኑ ወጥቶ በወረደ ቁጥር አንድ ጊዜ ኃይል የሚሰጥና ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር ነው። ስለዚህ ዘይት የሚመግበው ፓምፕ ከተበላሸ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ቀድሞ የሞቀ ሞተር የአነሳስ ችግሩን ስለሚደብቅ፣ ገዢው ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ሊያገኘው ይገባል። የእግር ማስነሻው ሲረገጥ ጠንከር ያለ እምቢታ ካላሳየ፣ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገጥሙት ቀለበቶች፣ በጋራዥ አነጋገር ፋሻዎቹ፣ ማለቃቸውን ሊያመለክት ይችላል። የመለዋወጫ መገኘትም የዋጋው አካል በመሆኑ፣ ከኮልፌ ብዙም በማይርቁት በመርካቶና በሶማሌ ተራ ፒስተን፣ ፋሻና የፍሬን ሸራ መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ብልህነት ነው።

የእድሳቱ ቅደም ተከተል

እድሳቱ የሚጀምረው ከሚያቆመው ክፍል ነው። በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፣ ብናኙን በአየር ማስነፋት አይገባም፤ በውኃ አርጥቦ መጥረግ ይሻላል። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ይደርቃል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተመረቱ ጎማዎች ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ስለሚገልጹ፣ 2316 የሚል ምልክት በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የነዳጁ መንገድ ነው። የዛገ ሰልባቲዮ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ በአቼቶ ተዘፍዝፎ ከታጠበና በሚገባ ከደረቀ በኋላ ብቻ ቤንዚን ይሞላበታል፤ አለዚያ የዝገቱ ቅንጣት ቤንዚንን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራተር ይደፍናል። በዚህ ላይ የከተማዋ ከፍታ ይታሰባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ለቀጭኑ አየር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ውጤቱም ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ የሚያጨስ ማርሚታና በኮልፌ አቀበቶች ላይ የሚደክም ሞተር ነው። መፍትሔው በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ሲሆን፣ ይህን ሳይመረምር ሞተሩን የሚፈታ መካኒክ ደንበኛውን ያለ አግባብ ወጪ ያስወጣል። ላሜራ ማቃናትና ቀለም መቀባት ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ይከተላሉ።

የአሽከርካሪው መመለስ

ሞተሩ ስለታደሰ አሽከርካሪው ታድሷል ማለት አይደለም። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝና የጣሊያን ሞተሮች ማርሻቸው በቀኝ እግር በመሆኑ፣ በግራ እግር ማርሽ የመለወጥ የቆየ ልማድ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ሲፈረን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ሆኖም ከደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና ዘይት ቀላቅሎ አስፋልቱን ስለሚያንሸራትት፣ ፍሬኑ ቀስ በቀስ እንጂ በድንገት መያዝ የለበትም። ይህን ከትራፊክ በራቀ ሜዳ ላይ መለማመድ ወደ አየር ጤና ወይም ወደ ጦር ኃይሎች መንገድ ከመውጣት ይቀድማል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ በጀቱ የማይበቃ ከሆነ ቀለሙ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንጂ፣ ከሄልሜቱ፣ ከጎማውና ከፍሬን ሸራው ላይ ሊቀነስ አይገባም።